ካሜራው የደፈነው ቅንድብ

የባለቤቴ የደምሴ የግራ ቅንድብ ለሁለት የተከፈለ ነበር። በተጋባን ሰሞን የውሃ ሞተር ሲያስነሳ እጀታው ተመልሶ መታው፤ ቁስሉ ሲሽር መካከሉ ላይ ጠጉር የማይበቅልባት፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ክፍተት ቀረች። ሲያስብ በጣቱ ይዳብሳታል። እኔም እዳብሳት ነበር። ስለ እሱ ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ሐሳቤ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ክፍተት ነው፤ ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ታውቁታላችሁ። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። ቶሎ ልጨርሰው ሞክሬ ነበር፣ ወረቀቱ እየራሰ አስቸገረኝ።

ያኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ልጅ አልወለድንም። ደምሴ ከከተማው ወጣ ብሎ በሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት በመስኖ ያለማል፤ ክረምት ሲገባ ማሽላና ማሾ የሚባለውን ደቃቅ ጥራጥሬ ይዘራል። ቆላ ተወልዶ ቆላ ያደገ ሰው ነው፤ ሽርጡን የሚያወልቀው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድና ሰርግ ሲጠራ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ የደጋ ልጅ ነኝ፣ የደብረ ሲና። «ወንዙ የሚመጣው ካንቺ አገር ነው፤ አንድ ቀን ካጠፋ ዘመዶችሽን ነው የምከስሰው» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

የእኛ ጎርፍ እንዲህ ነው። ቆላው ላይ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ እንደከረረች፣ ደጋ ላይ የዘነበው ውሃ በሸለቆው ወርዶ ድንገት ይደርሳል። የዚያን ዕለትም በበልግ፣ በዐቢይ ጾም፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ የደምሴ ስልክ ጮኸ። ከላይ በኩል የሚያርስ ጎረቤቱ ነበር።

«ወንዙ እየመጣ ነው ይለኛል» አለ ብድግ እያለ። «ሞተሯን ፈትቼ ከፍ ላድርጋትና መጣሁ።»

«ወጡ ይቀዘቅዛል።»

«ክደኚልኝ።»

ከደንኩለት።

ሞተሯን አድኗታል። ያዩት ሰዎች እንደነገሩኝ ፈትቶ፣ ተሸክሞ፣ ግራሩ ሥር አስቀመጣት። ከዚያ ቱቦውን ሊስብ ተመለሰ። ውሃው የመጣው ያኔ ነው። ሲጮህ የሰማው የለም።

በማግሥቱ ወንዙ ጎደለ። ወንዶቹ ጭቃውን በዱላ እየወጉ ዳር ዳሩን ወረዱ፤ የደምሴ ታናሽ ወንድም ታዬ ከፊት ነበር። ሲመለሱ የያዙት አንድ እግር ጫማ ነው። የእሱ አልነበረም።

ሬሳ ያልተገኘለት ሰው ቤት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ጎረቤት ይመጣል። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» እንዳይል፣ ሞቷል ማለት ይሆንበታል። «አይዞሽ ይመጣል» እንዳይል፣ የገዛ አንደበቱ እምቢ ይለዋል። ቁጭ ብሎ ወለሉን ያያል፣ ይሄዳል። እድሩ ድንኳን አልተከለም። የእድሩ ሊቀ መንበር በሩ ላይ ቆመው «እትዬ የሺ፣ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ድንኳን ተክለን ብናሟርትበትስ?» አሉኝ። ጥቁር መልበስ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። ጮኼ አላለቅስም፣ ዝም ብዬም አልቀመጥም። ፍትሐት የለው፣ መቃብር የለው። ባሏን ቀብራ ስታለቅስ ያየኋት ሴት የምታስቀና ሆና የታየችኝ ያን ሰሞን ነው። እግዚአብሔርን የለመንኩት «መልስልኝ» ብዬ ብቻ አልነበረም፤ ውዬ ሳድር «የት እንዳለ አሳየኝ» ብቻ ሆነ ልመናዬ።

«ፎቶ ያስፈልጋል» አለ ታዬ። «ከታች ያሉት መንደሮች አያውቁትም። ፎቶውን አይተው ነው የሚነግሩን።»

ደምሴ ፎቶ መነሣት አይወድም። ደህና የምለው አንድ ብቻ ነበረኝ፤ የገና ዕለት አመሻሽ ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ቤት ውስጥ በባትሪ ብርሃን፣ በአዲሱ ስልኬ ያነሣሁት። ስልኩን የሸጠልኝ ሰው «ይኸ እኮ ሜጋፒክስሉ ከካሜራ ይበልጣል» ብሎኝ ነበር። ሜጋፒክስል የሚባለው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ የበዛ ነገር መልካም ነው ብዬ አለፍኩ። በስልኩ ላይ ሲታይ ደምሴ ነው፤ ፈገግ ብሎ እኔን ያያል።

መናኸሪያው አጠገብ ባለ ማተሚያ ቤት በትልቁ አሳተምነው። ከላይ «አፋልጉኝ» ይላል፣ ከሥር ስሙና የታዬ ስልክ። ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ፊቱ ትንሽ የቀለጠ መሰለኝ፤ ጉንጩ እንደ ሰም ለስልሷል። «ሲተልቅ እንዲህ ነው» አለኝ ሠራተኛው። እኔም ነገሬ አላልኩትም። የማውቀውን ሰው ስለማየው፣ ወረቀቱ ላይ የጎደለውን ዓይኔ ከራሱ ይሞላው ነበር።

ታዬና የሰፈሩ ሰዎች አፋልጉኙን ይዘው ከወንዙ በታች ያሉትን መንደሮች አዳረሱ። ምሰሶ ላይ ለጠፉት፣ ለሰው ሁሉ አሳዩት። ፎቶውን አይቶ «እሱ ነው» ያለ ጠፋ።

ሳምንት ሊሞላው ሲል ቀበሌ ጠሩኝ። የሚሊሻው ኃላፊ ስልኩን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይዟል።

«ወደ አዋሽ መውረጃ ባለ መንደር ውሃ የጣለው ሬሳ አግኝተው ነበር» አለኝ። «ሙስሊም ነው ብለው እነሱው ቀብረውታል፤ ሙቀቱን ያውቁታል፣ የሚቆይ ነገር የለም። ከመቀበሩ በፊት አንዱ ያነሣው ፎቶ እየተቀባበለ እኔ ጋ ደረሰ። ልብዎን ያጽኑና ይዩት።»

ሊመሽ ሲል የተነሣ ፎቶ ነበር። ያበጠ፣ አመድ የመሰለ ፊት። አፍንጫው የማንም አፍንጫ ሊሆን ይችላል። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ምስሉን በሁለት ጣቴ ከፈት አድርጌ የግራ ቅንድቡን አየሁ። ሙሉ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር፣ አንድ ወጥ።

«አይደለም» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የባሌን ፊት አጣዋለሁ እንዴ?»

ከዚያ ቢሮ ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም። ደምሴ አልሞተም ማለት መሰለኝ፤ ሌላ ሰው ስለሞተ። መንገድ ላይ የዚያ ያበጠ ሰው ሚስት ታሰበችኝ። የትም ትሁን የት፣ ባሏን ባዕድ ቀብሮታል፣ እሷ አታውቅም። አንጀቴን በላችኝ። ቤቴ ገብቼ ለእሷ ጸለይኩ።

ተስፋው ብዙ አልቆየም። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ሌላው ሐሳብ፣ ጅቡና አሞራው፣ አሸዋው ውስጥ የተቀበረው ነገር፣ ተመልሶ መጣ። መብላት ተውኩ። የከደንኩትን ወጥ እህቴ ደፍታው እንደሆነ ሳውቅ ጠላኋት።

ሰዓዳ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ሰዓዳ ከተማው ውስጥ ፎቶ ቤት ያላት ሴት ናት፤ የሰርግ ፎቶ ታነሣለች፣ ምላሷ አያርፍም። የታዬን ልጅ ሰርግ ጥር ላይ ያነሣችው እሷ ነበረች። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ አልተቀመጠችም።

«እትዬ የሺ፣ ያን አፋልጉኝ ማን ነው የሠራላችሁ?»

«ምን ሆነ?»

«ስሙን ባላነብ ወላሂ አላውቀውም ነበር። በአጠገቡ ሁለቴ አልፌያለሁ። ጋሽ ደምሴን! ሰርጉ ላይ ሙሉ ቀን ሸራ ያስያዝኩትን ሰው!»

ዳሱ ሸራ የለበሰ ነበርና ጨልሞባት፣ «ጋሽ ደምሴ፣ እስቲ ያን ሸራ በዱላ ከፍ ያድርጉልኝ፣ ሙሽሮቼ ጠቆሩብኝ» ብላው ነበር። እሱም እየሳቀ እጁ እስኪዝል ይዞላታል። እኔም አስታወስኩ።

«አልበሙን አይተነዋል፣ እሱ የለበትም» አለ ጥግ ላይ የተቀመጠው ታዬ።

«አልበሙ ላይማ ቆርጬዋለሁ። ዱላ የያዘ ሰው ከሙሽራ ጋር አይሄድም። ዋናው ግን አለኝ፣ ምንም አልጣልኩም። ተነሡ፣ ወደ ፎቶ ቤት እንሂድ።»

ፎቶ ቤቷ ጠባብ ናት። ኮምፒውተሩን ከፍታ እስኪነሣ ድረስ ታዬ መቀመጥ አቃተው።

«የሩቅ ፎቶ ምን ያደርግልናል?» አለ። «የየሺ ከቅርብ የተነሣ ነው፣ ፊቱ ብቻ ነው። ደግሞ ያንቺ ካሜራ አሮጌ ነው ይሉሻል፤ ሜጋፒክስሉ ከስልኳ ያንሳል።»

«ማን ነው የሚለው? ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ነዋ። ለልጅዎ ሰርግ ሲከራከሩኝም ይህንኑ ነበር የሚሉኝ፣ ጋሽ ታዬ።»

«ያኔማ ለማስቀነስ ነው።»

ሰዓዳ ካሜራዋን ከሣጥኑ አወጣች። ሌንሱን ፈታ ውስጡን አሳየችን፤ እንደ ውሃ ወለል የምታበራ አራት ማዕዘን ነገር።

«አይንኩት፣ ይዩት ብቻ። ሴንሰር የሚሉት ይኸ ነው፣ ብርሃኑ የሚያርፍበት ማሳ። የድሮ ፊልም አንድ ቁራጭ ያህላል። ሙሉ ፍሬም ይሉታል። ስልክ ውስጥ ያለው ከማሾ ፍሬ ብዙም አይበልጥ። ሜጋፒክስል ደግሞ ማሳው ላይ የቆመው የማሽላ እግር ብዛት ነው። አባቴ ቀወት ውስጥ ማሽላ ሲያርስ፣ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በሬ ጠምዶ ሽልሻሎ የሚያስገባበት ለምንድን ነው?»

«እንዲሳሳ ነዋ» አለ ታዬ። «ከተጠቀጠቀ አገዳው ይቀጥናል፣ ፍሬ አይዝም።»

«ይኸው፣ ገባዎት። ማሾ በምታክል ማሳ ላይ ያን ሁሉ እግር ሲያቆሙባት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብርሃን ምን ያህል ነው? ቀን ፀሐይ ላይ ብርሃን ስለሚተርፍ አያስታውቅም። ቤት ውስጥ ወይ ሲመሽ ነው ጉዱ። ሁሉም ይራባል፤ የተራበው ደግሞ የሌለ ነጠብጣብ ያወጣል። ስልኩ ያን ነጠብጣብ እንዳታዩበት ፊቱን ያሸዋል፣ ያለሰልሰዋል። ጠባሳ ይሁን ነጠብጣብ አይለይም፣ አንድ ላይ ይጠርገዋል። የእኔዋ አሮጌ ናት፣ ትከብዳለች፣ ሌንሷ የበሬ ግንባር ያህላል። ግን ማሳዋ ሰፊ ነው። አዲሱን ትቼ እሷን የመረጥኩት ለጨለማ ዳስ ብዬ ነው።»

ፎቶው ተከፈተ። መሐል ላይ ሙሽራውና ሙሽሪት። ዳር ላይ፣ ከሰው ኋላ፣ አውራ ጣቴን የማያህል አንድ ሰው ዱላ ዘርግቶ ቆሟል። ከፍ ባደረገው ሸራ በኩል የገባው ብርሃን መጀመሪያ ያረፈው በራሱ ፊት ላይ ነበር።

ሰዓዳ አቀረበችው። ይፈርሳል ብዬ ጠበቅኩ። አልፈረሰም። እንደገና አቀረበችው። የጢሙ ሽበት ታየ። የአንገቱ ላብ ታየ፤ ያ የበሰበሰ ማተቡ፣ ለፋሲካ አዲስ ላስርልህ ያልኩት፣ ክር ክሩ ሳይቀር ታየ። እንደገና አቀረበችው። ግራ ቅንድቡ ተከፈተ።

የስንዴ ፍሬዋ እዚያው ነበረች።

ጣቴን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አደረግኩ። ሰዓዳ አፋልጉኙን ዘርግታ ከጎኑ ያዘችው። የእኔ ፎቶ፣ ከቅርብ የተነሣው፣ ፊት ብቻ የሆነው። የግራ ቅንድቡ ሙሉ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር፣ አንድ ወጥ። ስልኩ ክፍተቷን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ደፍኗታል፤ እኔ ይህን ሁሉ ቀን ሳየው ልብ አላልኩትም።

ከዚያ የሆነብኝን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ወንበሩን ያዝኩ።

«ሰዓዳ» አልኳት። «በስልክ የተነሣ ከሆነ… ሊመሽ ሲል…»

«እህ?»

«የሌላም ሰው ቅንድብ ይደፍናል?»

ሰዓዳ መጀመሪያ አልገባትም። የቀበሌውን ፎቶ አላየችም። ታዬ ግን ገባው፤ ከሰል የመሰለው ፊቱ አመድ ሆነ።

«አይደለም ብለሻል እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «የሺ፣ አንቺ ነሽ አይደለም ያልሽው።»

ማልደን ወረድን፤ እኔ፣ ታዬና ሰዓዳ። ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት አደረሰን፣ ከዚያ በእግር። ሰዓዳ ያተመችውን ፎቶ በጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዣለሁ። ፀሐይዋ ገና ሳትጠና ይግላል። ታዬ ያን መንደር ያውቀዋል፤ አፋልጉኙን ይዞ ደርሶበት ነበር።

«አዩት፣ ሬሳውን ያጠቡት ሽማግሌ ራሳቸው አዩት» አለኝ። «አይደለም ሲሉ ላንቺም አላነሣሁብሽ። እኔስ ምን ላድርግ?»

«ስለ ቅንድቡ ነግረሃቸዋል?»

ቆመ። «ፎቶው አለ አይደል? ምን ብዬ ልንገራቸው?»

አልተቆጣሁትም። እኔም ለሚሊሻው አልነገርኩትም፤ አይደለም ብቻ ብዬ ወጣሁ። በእኛ አገር በሬ የጠፋበት ሰው ገበያ መሐል ቆሞ ምልክቱን ይለፍፋል፤ ቀንደ ጎባጣ፣ ግንባረ ቦቃ፣ ጆሮው የተሰነጠቀ ይላል። የሰማው ሁሉ በሬውን ሳያየው ያውቀዋል። ለደምሴ ግን ማንም ምልክት አልተናገረም። ፎቶ ስለያዝን አፋችንን ዘጋን። እዚያ መንገድ ላይ ነው ይህ የገባኝ፤ አሁንም ስጽፈው ያመኛል።

ሽማግሌው ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ። መንደሩ ሰው ሲሞትበት የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ገመድ ሲፈትሉ አገኘናቸው። ታዬን ሲያዩት አወቁት።

«መጣህ ልጄ? አላገኛችሁትም?»

«ሌላ ፎቶ አምጥተን ነው፣ ጋሼ።»

«ያኛውን አይቻለሁ እኮ። አይደለም ብያለሁ።»

እኔ ተንበረከክኩ። ጨርቁን ሰዓዳ ፈታችልኝ። ጋሽ እንድሪስ ፎቶውን ከራሳቸው ራቅ አድርገው ያዙት፣ ከዚያ አቀረቡት፣ ከዚያ ወደ ብርሃኑ ዞሩ። ገመዱ ከጭናቸው ወደቀ።

«ያኛው ፎቶ ላይ ቅንድቡ ሙሉ ነበር» አሉ። «ለዚህ ነው አይደለም ያልኩት። ያጠብኩት ሰው ቅንድቡ…» በአውራ ጣታቸው የራሳቸውን ግራ ቅንድብ ነኩ። «እዚህ ጋ። ጭቃ መስሎኝ ደጋግሜ አሸሁት። አልለቅ ሲለኝ ነው ጠባሳ መሆኑን ያወቅኩት።»

ፎቶውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ሽርጥ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ክር የለም» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ከእኛ ሰው ነው ብለን ከፈንነው፣ ሰገድንበት። ምን እናድርግ፣ አላህ ነው የሚያውቀው። ሚስቱ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ጮኼ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ይህን ያህል ቀን ሊወጣ እምቢ ያለው ሁሉ ወጣ። የመንደሩ ሴቶች ከየቤታቸው መጡ፤ የማያውቁኝ፣ የማላውቃቸው፤ ከበቡኝ። ሰዓዳ «አብሽሪ፣ አብሽሪ እትዬ» እያለች ራሷም ታለቅሳለች። እንዲህ ሆኖ የደምሴ ለቅሶ መጀመሪያ የተለቀሰው በሙስሊም ሴቶች መሐል፣ ድንኳን በሌለበት ነው።

ሲበርድልኝ ጋሽ እንድሪስን አንድ ነገር ለመንኳቸው። «እንዴት እንዳጠቡት ይንገሩኝ።»

ነገሩኝ። ውሃውን ለብ አድርገው እንዳሞቁት፣ «ለሬሳ ለምን ይሞቃል ይሉኛል፤ ከቀዝቃዛ ውሃ ነው የመጣው አልኳቸው» አሉኝ። በቀኝ በኩል እንደጀመሩ። ጆሮው ውስጥ የገባውን አሸዋ በጥጥ እንዳወጡለት። ጥፍሩ ሥር የጎማ ጥቁር እንደነበር፤ ቱቦውን አለመልቀቁን ያወቅኩት ከዚህ ነው። ሁሉንም ሰማሁ። አንዱንም አልረሳሁም።

«አሁን አንቺ ንገሪኝ» አሉ በመጨረሻ። «ስሙን ሳላውቅ ነው ያስገባሁት። ዱዓ ሳደርግ ‹ያ የውሃው ሰው› ነበር የምለው።»

«ደምሴ» አልኳቸው።

«ደምሴ» አሉ። ደግመው አሉት፣ እንዳይጠፋባቸው።

ታዬ የዚያኑ ዕለት ቆፍረን እንውሰደው አለ። በስልክ የጠየቅናቸው የደብራችን ካህናት ግን ለጊዜው አፈሩ ይጠጣው፣ ፍትሐቱን እዚህ ቤተ ክርስቲያን እናድርስለት፣ አፅሙ ሲደርስ ይመጣል አሉ። እንደዚያው ሆነ። ሸዋ ሮቢት ስንመለስ እድሩ ድንኳኑን ተከለ፤ ጥቁሬን ለበስኩ፤ ጎረቤት የሚለውን አወቀ። አፅሙ በሚወጣበት ቀን ጋሽ እንድሪስ አካፋውን ለማንም አልሰጡም። «ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ የማወጣውም እኔው ነኝ» ብለው ራሳቸው ወረዱ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ተከትለውን፣ ከውጭ ቆመው ሸኙት።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩላችሁ ስለ ካሜራ የማስተምር ሆኜ አይደለም። ግን ከዚያ ወዲህ ሰው አዲስ ስልክ ገዝቶ የሜጋፒክስሉን ቁጥር ሲነግረኝ ዝም ማለት አልችልም። «የሴንሰሩስ ስፋት?» እላለሁ፤ የሰፈር ሰው ይስቅብኛል። ካሜራ ልትመርጡ ከሄዳችሁ ሻጩ ጮክ ብሎ በሚጠራው ብዛት ብቻ አትርኩ። ማሳው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ፤ የምታነሡት ቀን ፀሐይ ላይ ነው ወይስ ጨለማ ዳስ ውስጥ፣ ይህንንም አስቡ። ትልቁ ይከብዳል፣ ለሁሉ እጅ አይሆንም። ስልክ ብቻ ያላችሁ እንደሆነ የምትወዱትን ሰው እጁን ይዛችሁ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ አምጡት። ሰነፍ አትሁኑ፤ ጥቂት እርምጃ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፎቶ አለን ብላችሁ ምልክቱን በአፋችሁ መናገር አትተዉ።

ቤቴ ግድግዳ ላይ አሁን ሁለቱም ፎቶዎች አሉ። የመጣ ሰው ሁሉ የሰዓዳን ያደንቃል፤ ሽበቱ፣ ላቡ፣ ቅንድቡ ሁሉ አለበት። «ያንን የደበዘዘውን ለምን አታወርጂውም?» ይሉኛል። ታዬም ስንቴ ብሎኛል፤ በእሱ የተነሣ የደረሰብንን እያስታወሰ።

አላወርደውም። በሰዓዳ ፎቶ ላይ ደምሴ የሚያየው ሸራውን ነው። በእኔ ስልክ ላይ የሚያየው እኔን ነው።